ለክበባችን የእጅ ጌም ኮንሶል፦ ኦሌድ ወይስ ኤልሲዲ? ቀለም የሚምታታባቸውና እይታቸው የደከመ ልጆችም ይጫወቱበታል

የጌም_ክበብ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ለወጣቶች ክበባችን ሁለት የእጅ ኮንሶል ልንገዛ ነው። ከውጭ በሚመጣ ሰው እጅ ስለሚገባ ዋስትና አይኖረውም፣ ያገለገለም ሊሆን ይችላል። ያጨናቸው የኒንቴንዶ ስዊች ኦሌድ፣ ስዊች ላይት፣ የቫልቭ ስቲም ዴክ (ኤልሲዲ ስክሪን ያለውም ኦሌድ ስክሪን ያለውም) እና ስዊች 2 ናቸው።

ልጆቹ ከ10 እስከ 17 ዓመት ናቸው፣ በተራ ይጫወታሉ። ሁለቱ ቀይና አረንጓዴ ይምታታባቸዋል። አንዷ መነጽር አድርጋም እይታዋ 6/18 ነው። አንዱ በግራ እጁ ብቻ ነው የሚጫወተው። ክፍሉ በምዕራብ በኩል ትልቅ መስኮት አለው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቀጥታ ይገባል።

የጠየቅነው ሰው ሁሉ «ኦሌድ ግዙ፣ ቀለሙ ሌላ ነው» ይለናል። ለእነዚህ ልጆች ግን ኦሌዱ በእርግጥ የሚጨምርላቸው ነገር አለ? ምን ምን ሴቲንግ እንንካ? ዕቃው ሲመጣስ ምን ይታይ? ሌላው ደግሞ፣ ትልልቆቹ ልጆች አጋዥ ሞድ የሚያበራውን «ቺት ነው» እያሉ ያሸማቅቁታል። በየወሩ ውድድር ስላለን በዚህ ላይ ምን ዓይነት ደንብ ቢኖረን ጥሩ ነው?

---

እይታ_መለኪያ

ከቀለሙ በፊት የፊደሉን መጠን አስቡ። 6/18 ማለት ሌላው በ18 ሜትር ርቀት የሚያነበውን እሷ 6 ሜትር ድረስ ቀርባ ነው የምታነበው ማለት ነው። ስለዚህ ፊደሉ ሦስት እጥፍ መተለቅ አለበት። ጤናማ ዓይን ሊለየው የሚችለው ትንሹ ፊደል 5 የቅስት ደቂቃ (የማዕዘን መለኪያ ነው፣ የአንድ ዲግሪ 60ኛ) ቁመት አለው፤ የእሷ 15 ነው። ይህ ደግሞ እያፈጠጡ የሚያነቡበት የመጨረሻው ጠርዝ ነው። ሳትደክም እንድታነብ እጥፉን፣ ወደ 30 ደቂቃ አስቡላት። ስክሪኑ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ከተያዘ 15 ደቂቃ ማለት 1.3 ሚሊ ሜትር፣ 30 ደቂቃ ደግሞ 2.6 ሚሊ ሜትር ነው። ማስመሪያ ይዛችሁ ስክሪኑ ላይ መለካት ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ። ቫልቭ አንድን ጌም ለስቲም ዴክ «ቬሪፋይድ» (ተረጋግጧል፣ ይሠራል) ለማለት ከሚጠይቃቸው አንዱ፣ በ1280 በ800 ስክሪን ላይ ትንሹ ፊደል ቁመቱ ከ9 ፒክስል እንዳያንስ ነው። በዴክ ኦሌድ 7.4 ኢንች ላይ 9 ፒክስል 1.12 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይህ 13 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። አረንጓዴውን የ«ቬሪፋይድ» ምልክት አይታችሁ «ይሄ ጌም ይነበባል» ብላችሁ እንዳትገዙላት።

በስዊች በኩል ላይትም፣ የመጀመሪያው ስዊችም፣ ኦሌዱም በእጅ ሲያዙ ሁሉም 1280 በ720 ናቸው። የሚለያዩት በስፋት ነው፦ 5.5፣ 6.2 እና 7 ኢንች። አንድ ጌም 20 ፒክስል ቁመት ያለው ፊደል ቢጽፍ ላይት ላይ 1.9 ሚሊ ሜትር፣ ኦሌዱ ላይ 2.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ያው ጌም በስዊች 2 ባለ 7.9 ኢንች ስክሪን ላይ በተመሳሳይ አቀማመጥ ቢቀርብ 2.7 ይደርሳል። እና ለዚህች ልጅ ስዊች ኦሌድ የሚሻላት በ7 ኢንችነቱ ነው፣ ኦሌድ መሆኑ ተከትሎ የሚመጣ ነገር ነው። ላይትን ከዝርዝሩ አውጡት። ፒክስሉ ጠበቅ ስላለ «ጥርት ያለ» ይመስላል፣ ግን ጥራቱ የሚጠቅመው ትንሽ ነገር ማየት ለሚችል ዓይን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ስክሪኑን ወደ ፊቷ ስታስጠጋ «ራቅ አድርጊ» ብላችሁ አትቆጧት። ከ30 ወደ 20 ሳንቲ ሜትር መጠጋት ፊደሉን አንድ ተኩል እጥፍ ያተልቅላታል፤ ለእሷ ማጉያዋ እሱ ነው። የሚደክመው ክንዷ ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ከፍ ያለ ማስደገፊያ አድርጉላት፣ በየመሃሉም ዓይኗን ታሳርፍ። ብርሃን ይረብሻት እንደሆነም ጠይቋት። አልቢኒዝም ያለባቸውን ልጆች ጨምሮ ብርሃን የሚያስቸግራቸው ብዙ ናቸው፤ ለእነሱ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርጎ ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ ማድረግ ይሻላል።

---

ስክሪን_ጠጋኝ

በላይኛው እስማማለሁ፣ ላይት አይሆንም። ከቴሌቪዥን ጋርም አይገናኝም፣ ኮንትሮለሩም አይነቀልም፣ ማቆሚያ እግርም የለውም። ለናንተ ክበብ ሦስቱም ያስፈልጋሉ።

ኦሌድና ኤልሲዲን በተመለከተ የክፍሉን መስኮት ሳትረሱ አስቡ። ኦሌድ ላይ እያንዳንዱ ፒክስል የራሱን ብርሃን ያወጣል፤ ጥቁር ሲሆን ጨርሶ ይጠፋል። ኤልሲዲ ከኋላው ሁሌ የሚበራ መብራት ስላለው ጥቁሩ ትንሽ ግራጫ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ልዩነቱ ዓይን ይስባል። ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ግን ጥቁሩን የሚወስነው ከመስታወቱ ላይ የሚንጸባረቀው ብርሃን ነው።

በግምት እንሥራው። በመስኮቱ የሚታየው ሰማይ 2000 ኒት (የብርሃን ድምቀት መለኪያ) ነው እንበል። ተራ አብረቅራቂ መስታወት ከዚያ ውስጥ ወደ 4 በመቶ ያህሉን፣ ማለትም 80 ኒት ወደ ዓይን ይመልሳል። ዴክ ኦሌድ በመደበኛው ምስል እስከ 600 ኒት፣ ዴክ ኤልሲዲ እስከ 400 ኒት ነው። በነጭና በጥቁር መካከል ያለው ልዩነት ኦሌዱ ላይ 680 ለ80፣ ማለትም 8.5 ለ1 ይሆናል፤ ኤልሲዲው ላይ 6 ለ1። ማስታወቂያው ላይ «ወሰን የለሽ ኮንትራስት» የተባለው 8.5 ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ግራጫ ጽሑፍ ከሆነማ፣ የነጩን 30 በመቶ የሚያበራ፣ ኦሌዱም ላይ 3.25 ለ1 ብቻ ነው። ለጽሑፍ በተለምዶ የሚጠየቀው ዝቅተኛው 4.5 ለ1 ነው። ስለዚህ ወፍራም መጋረጃ ግዙ። መቀመጫውንም መስኮቱ ከጎን እንዲሆን አዙሩት፤ ከጀርባ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ይንጸባረቃል፣ ከፊት ከሆነ ዓይን ይወጋል።

የ512 ጊጋው ዴክ ኤልሲዲና የ1 ቴራው ዴክ ኦሌድ መስታወታቸው የተፋቀ፣ ብርሃን የሚበትን ነው። ነጸብራቁን አያጠፋውም፣ የመስኮቱን ቅርጽ አደብዝዞ ይበትነዋል እንጂ። ለናንተ ክፍል ይጠቅማል። ላዩ ላይ አብረቅራቂ መከላከያ ከለጠፋችሁበት ግን ጥቅሙ ይጠፋል።

ዕቃው ሲመጣ እንዲህ ፈትሹት። ስዊች ላይ ዩቲዩብ አፕ ጭናችሁ የፒክስል መፈተሻ ቪዲዮ ክፈቱ፤ ዴክ ላይ በዴስክቶፕ ሞድ ሙሉ ቀለም ያላቸውን ምስሎች ክፈቱ። ሙሉ ጥቁር አድርጋችሁ መብራት አጥፉ፤ ስክሪኑ ግራጫ ብርሃን የሚያወጣ ከሆነ «ኦሌድ» ተብሎ የተሸጠላችሁ ዕቃ ኦሌድ አይደለም። ቀጥሎ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፤ እየቀያየራችሁ ቀለሙን የማይከተል ነጥብ ፈልጉ። ከዚያ መካከለኛ ግራጫ፤ የልብ ምልክት ወይም የካርታ ሳጥን ጥላ በአንድ ጥግ ከታየ ፓነሉ ላይ ምስል ተቃጥሏል፣ አይለቅም። በመጨረሻ በጣም ጥቁር ግራጫ በዝቅተኛ ብርሃን፤ እዚህ ላይ ትንሽ መዥጎርጎር ኦሌድ ላይ የተለመደ ነው፣ ሰፊ ነጠብጣብ ወይም መስመር ከሆነ ግን ተዉት። የኤልሲዲ ስክሪን ከተቀየረ ደግሞ ጠርዙ አካባቢ ቢጫ ጥላ ወይም ብርሃን የሚያፈስ ስንጥቅ ሊታይ ይችላል። የጆይስቲኩን መንሸራተትም በሲስተም ሴቲንግስ፣ «ኮንትሮለርስ ኤንድ ሴንሰርስ» ውስጥ ባለው የስቲክ ማስተካከያ ላይ እዩት፤ እጃችሁን ሳታሳርፉበት ነጥቡ መሃል ላይ መቆም አለበት።

ብዙ ኦሌዶች ብርሃናቸውን የሚቀንሱት በፍጥነት እያበሩና እያጠፉ ነው። አንዳንድ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ዓይኑ ይደክማል። ስክሪኑን 20 በመቶ አድርጋችሁ በስልክ ስሎው ሞሽን ቅረጹት፤ ጥቁር መስመሮች ስክሪኑ ላይ ሲሄዱ ካያችሁ፣ ለሚረብሸው ልጅ የስክሪኑን ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ የክፍሉንም መብራት ጨምሩለት።

ቀለም ለሚምታታባቸው ስዊች ኦሌዱ ላይ «ኮንሶል ስክሪን ከለርስ» በሚለው ውስጥ «ቪቪድ» የሚለውን ተዉላቸው። ቀለሙ ሲደምቅ መለየቱ ይቀላል።

---

ቀለም_በልኩ

ስክሪን_ጠጋኝ፣ የፍተሻ ዝርዝርህ ግሩም ነው። የመጨረሻው ላይ ግን አልስማማም።

ችግሩ ዓይን ውስጥ ባሉት ብርሃን ተቀባዮች ላይ ነው፤ የስክሪኑ ቀለም ስለደመቀ የጎደለው ተቀባይ አይሞላም። ቀይና አረንጓዴ የሚምታታበት ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አረንጓዴ ተቀባዩ የደከመ ነው፤ ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው። ሌላው ቀይ ተቀባዩ የደከመ ነው፤ ለእሱ ቀይ ቀለም ከመምታታቱም በላይ ይጨልምበታል። ሰፊ የቀለም ክልል ያለው ስክሪን ቀዩን ጠለቅ ባለ ቀይ ሲያሳየው ይብስ ይጨልማል። «ቪቪድ» ለመጀመሪያው ልጅ ምናልባት ትንሽ ይረዳ ይሆናል፣ ለሁለተኛው ግን ጥቁር ላይ ያለውን ቀይ የጠላት ምልክት ሊውጥበት ይችላል። ሁለቱንም አብርታችሁ ልጆቹን ጠይቁ፤ እነሱ በአንድ ደቂቃ ይነግሯችኋል።

ዋናው ነገር ጌሙ ነው። ለቀለም ሁለት ዓይነት ሴቲንግ አለ፣ ሰው ግን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። አንደኛው በጠቅላላው ስክሪን ላይ ማጣሪያ ይጥላል፤ ሰማዩም ሣሩም ፊቱም ይቀየራል፣ የሚፈለገው ልዩነት ግን ብዙ ጊዜ አይመጣም። ሁለተኛው የቡድኑን፣ የጠላትን፣ የዒላማውን ቀለም ብቻ ይቀይራል ወይም እናንተ እንድትመርጡ ይሰጣችኋል። ሁለተኛው ነው የሚሠራው። ስፕላቱን 3 ላይ ያለው «ከለር ሎክ» ጥሩ ምሳሌ ነው፦ ጌሙ በየዙሩ ቀለም የሚቀያይር ሆኖ ሳለ፣ ይህ ሲበራ ቢጫና ሰማያዊ ላይ ይቆልፈዋል። የሚቀየረውም የልጁ ስክሪን ብቻ ነው፤ ሌላው ተጫዋች የሚያየው አይነካም።

ከመግዛታችሁ በፊት ጌሙን ፈትኑ። ስዊች ላይ ሲስተም ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ «ቼንጅ ዲስፕሌይ ከለርስ» ውስጥ «ግሬይስኬል» አለ። አብሩት፣ አሥር ደቂቃ ተጫወቱ። ማን ወዳጅ ማን ጠላት እንደሆነ፣ የቱ ቁልፍ የቱን በር እንደሚከፍት በጥቁርና ነጭ ብቻ ካወቃችሁ ጌሙ ለሁሉም ይሆናል። ካላወቃችሁ ጌሙ የተማመነው በቀለም ዓይነት ብቻ ነው ማለት ነው። ፈተናው ትንሽ ጥብቅ ነው፤ ሰማያዊና ቢጫ በደማቅነት እኩል ከሆኑ በግሬይስኬል ይመሳሰላሉ፣ ልጆቻችሁ ግን ይለዩአቸዋል። ስለዚህ የወደቀውን ጌም ሁሉ አትጣሉ፣ ለልጆቹ አሳዩአቸው።

ጥቁር መደብ ላይ ንጹህ ቢጫ 19.6 ለ1፣ ንጹህ አረንጓዴ 15.3፣ ንጹህ ቀይ 5.25፣ ንጹህ ሰማያዊ ደግሞ 2.4 ለ1 ብቻ ነው። ጥቁር ላይ ሰማያዊ ጽሑፍ ለማንም አይነበብም። አረንጓዴ ላይ የተጻፈ ቀይ 2.9 ነው፤ እሱንም ቀይ ተቀባዩ ጤነኛ ለሆነ ዓይን አስበን ነው ያሰላነው።

---

የጌም_ክበብ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እናመሰግናለን። ላይት ቀርቷል፣ መጋረጃውም ይሰፋል። አንድ ስዊች ኦሌድና አንድ ስቲም ዴክ ወደ መግዛት አዘንብለናል። ስዊች 2 በሁለቱ ፋንታ ይሻል ይሆን? በግራ እጁ ብቻ ለሚጫወተው ልጅስ የትኛው ይሻላል? ደግሞ ትልልቆቹ በዩኒቲ (የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር) ትንሽ የአማርኛ የቃላት ጌም እየሠሩ ነው፤ ዴክ ላይ ሲከፍቱት ፊደሉ ባዶ ሳጥን ይሆናል፣ ሲስተካከልም በጣም ያንሳል። ይህን የሚያውቅ ካለ።

---

ዴክ_በእጄ

ስዊች 2 ስክሪኑ 7.9 ኢንች፣ 1080ፒ፣ እስከ 120 ኸርዝ ነው፣ ግን ኤልሲዲ ነው። በሜኑው ላይ ፊደል ማተለቅ፣ ከፍተኛ ኮንትራስትና ጽሑፍ በድምፅ ማንበብ አለው። እነዚህ የሚሠሩት በኮንሶሉ ሜኑ ላይ እንጂ ጌሙ ውስጥ ስላልሆነ ብቻቸውን ለመግዛት ምክንያት አይሆኑም። ሁለት ዕቃ ለብዙ ልጅ ከአንድ ይሻላል፤ የያዛችሁት ውሳኔ ጥሩ ነው።

ጌሙ ውስጥ የሚሠራው ማጉያ ነው። ስዊች ላይ ሲስተም ሴቲንግስ፣ ሲስተም ውስጥ «ዙም» የሚለውን አብሩ፤ ከዚያ በኋላ «ሆም» ቁልፉን ሁለቴ ቶሎ ቶሎ መጫን ስክሪኑን ያጎላል። ዴክ ላይ «ስቲም» ቁልፉን ይዞ ኤል1 መጫን ነው። ሁለቱም ለንግግርና ለሜኑ ያገለግላሉ፤ ለፈጣን ጌም አይሆኑም፣ ምክንያቱም የጎላው ክፍል ሌላውን ከዓይን ያስወጣል። ዴክ በ2025 ራሱን የቻለ የተደራሽነት ሜኑም ተጨምሮለታል፦ የሜኑ መጠን፣ ከፍተኛ ኮንትራስት፣ እንቅስቃሴ መቀነሻ፣ የቀለም ማጣሪያና ስክሪን አንባቢ። ዕቃው ያገለገለ ከሆነ መጀመሪያ ሲስተሙን አዘምኑ፣ አለበለዚያ አታገኙትም።

ዴክ ላይ ሌላም መላ አለ። አንዳንድ የፒሲ ጌም የሜኑ ጽሑፉን በቋሚ ፒክስል ነው የሚጽፈው፣ መጠን መቀየሪያም የለውም። እንዲህ ያለውን ከ1280 በ800 ወደ 960 በ600 ዝቅ ስታደርጉት ጽሑፉ በሲሶ ያድጋል። ትንሽ ይደበዝዛል፤ እይታዋ 6/18 ለሆነች ልጅ ግን ትልቅና ደብዛዛው ከትንሽና ጥርት ያለው ይሻላታል። ጽሑፉን ከስክሪኑ ጋር የሚያመጣጥን ጌም ላይ ግን ምንም ለውጥ አታዩም፤ ካልሠራ ወደ ነበረበት መልሱት።

በግራ እጁ ለሚጫወተው፦ ዴክ 640 ግራም ነው (ኤልሲዲው 669)፣ በአንድ እጅ የሚያዝ አይደለም። ስዊች ኦሌድ ከኋላው ሙሉ ስፋት ያለው እግር ስላለው ጠረጴዛ ላይ አቁማችሁ የግራውን ጆይ-ኮን (የስዊች ተነቃይ ኮንትሮለር) ብቻ ነቅላችሁ ስጡት። የአቅጣጫ ቁልፎቹን እንደ ኤ እና ቢ እንዲሠሩ በ«ኮንትሮለርስ ኤንድ ሴንሰርስ» ውስጥ በ«ቼንጅ በተን ማፒንግ» ቀይሩለትና በስሙ አስቀምጡት። የሚበዛው ስህተት ለውጡን ሳይመልሱ ለሌላ ልጅ መስጠት ነው። ስዊች ላይ ይህ ለውጥ በየጌሙ የሚለይ አይደለም፣ ለሁሉም ጌም ይሠራል፤ ቀጣዩ ልጅ «ኮንትሮለሩ ተበላሽቷል» ይላችኋል።

ካሜራ የሚዞርበት ጌም ከሆነ ቀኝ ስቲክ ይጠይቃል፣ ስዊች ላይ እዚህ ጋ ትቸገራላችሁ። ዴክ የሚያሸንፈው እዚህ ነው። ስቲም ከ2022 ጀምሮ ጆይ-ኮን ይቀበላል፣ ነጠላውንም ጭምር። ያንኑ የግራ ጆይ-ኮን በብሉቱዝ ከዴክ ጋር አገናኙና በውስጡ ያለውን ጋይሮ (መዘንበልን የሚለይ ሴንሰር) ካሜራውን እንዲያዞር አድርጉት፤ እጁን ሲያዘነብል ካሜራው ይዞራል። ጋይሮውን ከዴኩ ከራሱ ለመውሰድ አትሞክሩ፣ ማቆሚያ ላይ የተቀመጠ ዕቃ አይዘነብልም። ተጭኖ መያዝ የሚጠይቁትን ሁሉ «ቶግል» አድርጉለት፦ አንዴ ሲጫን ይያዛል፣ ደግሞ ሲጫን ይለቃል። ሴቲንጉ በየጌሙ ስለሚቀመጥ ሌላ ጌም የሚጫወተውን ልጅ አያስቸግርም።

በእግር ወይም በክርን የሚጫን ትልቅ ቁልፍ የሚያስፈልገው ልጅ ከመጣ በ2018 የወጣው የኤክስቦክስ አዳፕቲቭ ኮንትሮለር ከዴክ ጋር ይሠራል። 19 የ3.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አለው፣ በእያንዳንዱ የፈለጋችሁትን ቁልፍ ትሰኩበታላችሁ። ስዊች ላይ ግን ያለ አገናኝ አይሠራም፤ ለስዊች ኒንቴንዶ የፈቀደው ሆሪ ፍሌክስ የሚባል ተመሳሳይ መሣሪያ አለ።

---

ውድድር_ዳኛ

ስለ «ቺት ነው» ጉዳይ። ደንቡን በሁለት ክፈሉት፣ ክርክሩ ወዲያው ይቀንሳል።

ጌሙ ያለውን መረጃ ተጫዋቹ እንዲያገኘው ወይም ትእዛዙን እንዲያስተላልፍ የሚያደርግ ነገር ሁሉ ለሁሉም፣ ሁልጊዜ፣ ያለ ፈቃድ ይፈቀድ፦ ቀለም መቀየር፣ ፊደል ማተለቅ፣ ንግግሩን በጽሑፍ ማሳየት (ሰብታይትል)፣ ማጉያ፣ የቁልፍ ለውጥ፣ ቶግል፣ ሌላ ዓይነት ኮንትሮለር። ቡድኑን በቢጫ ያየ ልጅ አንድም ነጥብ አልተጨመረለትም፤ ሌላው ያለ ሴቲንግ የሚያየውን ነው ያየው። የጌሙን ሕግ የሚቀይረው ደግሞ ሁለተኛው ነው፦ ፍጥነት መቀነስ፣ አለመሞት፣ ራሱ የሚያልም ዒላማ። ለምሳሌ ሴለስት በሚባለው ጌም ላይ «አሲስት ሞድ» የጌሙን ፍጥነት እስከ 50 በመቶ ያወርዳል። ይህንን ከውድድሩ በፊት ተስማሙበት፦ ወይ ሁለቱም ተጫዋቾች ያብሩት፣ ወይ በሰዓት የማይለካ ምድብ ይኑር። ከውድድር ውጭ በነጻ ሰዓት ግን ማንም ልጅ የፈለገውን ያብራ፣ ማንም አያገባውም።

የሐኪም ወረቀት አትጠይቁ። ቀለም የሚምታታበት ሰው ብዙ ጊዜ ራሱም አያውቀውም፤ በሰሜን አውሮፓ ዝርያ ወንዶች ላይ ከ12 አንዱ ገደማ ነው፣ በሌላው ሕዝብ ቁጥሩ ያንሳል እንጂ አይጠፋም። ወረቀት ስትጠይቁ መጀመሪያ የሚቀረው የሚያፍረው ልጅ ነው። ሴቲንጉ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ግን ማን ለምን እንዳበራው የሚጠይቅ አይኖርም።

ከጨዋታ በፊት ለእያንዳንዱ ልጅ አምስት ደቂቃ ማስተካከያ ስጡ፣ ከሰዓቱም አይቀነስበት። የስዊች ማጉያና ግሬይስኬል በኮንሶሉ ላይ እንጂ በልጁ ስም አይቀመጡም፤ ስለዚህ የእያንዳንዱን ልጅ ሴቲንግ በትንሽ ካርድ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ካርዱን የሚያነብና የሚያስተካክል ኃላፊ አድርጋችሁ ከነዚያ «ቺት» ከሚሉት ትልልቅ ልጆች አንዱን መድቡ። ቀለም_በልኩ ያለውን የግሬይስኬል ፈተናም እሱ ይሥራው፤ ለውድድር የምትመርጡት ጌም በእሱ እጅ ይለፍ።

ስክሪን ለሁለት ተከፍሎ የሚጫወት ጌም 7 ኢንች ላይ አታድርጉ። የእያንዳንዱ ድርሻ ግማሽ ስለሚሆን ብዙ ጌም ጽሑፉንም አብሮ ያሳንሰዋል። ስዊቹን ዶክ ላይ አድርጋችሁ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኙት፣ እስከ 1080ፒ ያወጣል። ወንበር መምረጥ ለልጅቷ ቅድሚያ ይሁን፣ አንድ ሜትር ድረስ መጠጋት ከፈለገች ትጠጋ፤ የሌላውን እይታ እንዳትጋርድ ከመሃል ሳይሆን ከጎን ይሁን።

---

ፊደል_ኮድ

ሳጥኑ የሚመጣው ቴክስት ሜሽ ፕሮ (ዩኒቲ ውስጥ ጽሑፍ የሚያሳየው ክፍል) ይዞት የሚመጣው ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ፕሮጀክቱ ውስጥ አስገቡ፣ «ፎንት አሴት ክሪኤተር»ን ክፈቱ፣ የፊደል ምርጫውን በዩኒኮድ ክልል አድርጉና 1200-137ኤፍ ጻፉ፤ አራት ነጥቡም እዚያው ውስጥ ነው። ለቁጥርና ለላቲን 20-7ኢ ጨምሩ። አትላሱን (ፊደሎቹ ሁሉ የሚሰፍሩበትን ምስል) 2048 በ2048፣ የናሙና መጠኑን 64፣ ፓዲንጉን (በፊደሎቹ ዙሪያ ያለውን ክፍተት) 6 አድርጉት። ናሙናውን 90 ካደረጋችሁት ከ350 በላይ ፊደል ስላለ አትላሱ ላይ ላይበቃ ይችላል፤ የቀሩት ፊደሎች ጌሙ ውስጥ እንደገና ሳጥን ሆነው ይመጣሉ፣ «አንዳንዱ ይሠራል አንዳንዱ አይሠራም» የሚያሰኘው ይሄ ነው። ሌላ ፎንት ዋና አድርጋችሁ ከሆነ የሠራችሁትን አሴት በ«ፎልባክ» ዝርዝሩ (ዋናው ፎንት የሌለውን ፊደል የሚፈልግበት ቦታ) ውስጥ አስገቡት።

ስለ መጠኑ፦ ለላቲን የተጻፈውን የ9 ወይም የ12 ፒክስል መመሪያ ለአማርኛ አትውሰዱ። ሉ እና ሊን የሚለየው የጎን ጭረቷ ያለችበት ቦታ ነው፤ በ12 ፒክስል ቁመት ያች ጭረት አንድ ፒክስል ናት፣ ብትደበዝዝ ልጁ ሌላ ቃል ያነባል። የቃላት ጌም ላይ ይህ ጌሙን ራሱን ያበላሸዋል። በ1280 በ800 ላይ ከ24 ፒክስል በታች አትውረዱ፤ ዴክ ኦሌድ ላይ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ነው፣ እይታ_መለኪያ ያለውን 2.6 ያልፋል። ለጥያቄው ዋና ቃል 60 ወይም 70 ስጡት። ሚዲየም ውፍረት ይሻላል፦ በጣም ሲወፍር ጠ እና ጨ ውስጣቸው ይደፈናል፤ ቀጭን ጫፍ ያለው የመጽሐፍ ፎንት ደግሞ ጭረቱ ይጠፋል። የግዕዝ ፊደል ሁሉም ቁመቱን ሞልቶ ስለሚቆም በመስመሮች መካከል 1.3 እጥፍ ርቀት ስጡ። «ኦቶ ሳይዝ» ካበራችሁ ዝቅተኛውን 24 ላይ ቆልፉት፤ አለዚያ ረጅም ቃል ሲመጣ እስኪጠፋ ያሳንሰዋል።

ልጁ የሚጽፍበት ጌም ከሆነ ፊደል ገበታውን ራሳችሁ ስክሪኑ ላይ ሥሩ፦ መጀመሪያ 33ቱን የግዕዝ ቤት አሳዩ፣ አንዱን ሲመርጥ ሰባቱን ቤት ክፈቱለት። 231ዱን በአንድ ገጽ ከደረደራችሁ 7 ኢንች ላይ ማንም አያነበውም። ትክክል የሆነውን መልስ በአረንጓዴ የተሳሳተውን በቀይ ብቻ አታሳዩ፤ ትክክሉ ላይ የ«ራይት» ምልክት፣ ስህተቱ ላይ የኤክስ ምልክትና የተለያየ ድምፅ ጨምሩ።

---

የጌም_ክበብ (ጠያቂ)

ፓዲንጉና ናሙናው ላይ ነበር ስህተታችን፣ 90 ነበር ያደረግነው። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ስዊች ኦሌዱ ላይ ከፋብሪካ የተለጠፈ ስስ ፕላስቲክ አለ ይባላል። ይነሳ?

---

ስክሪን_ጠጋኝ

አይነሳም። መስታወቱ ሲሰበር ስብርባሪው እንዳይበተን ኒንቴንዶ ራሱ የለጠፈው ነው፣ እንዳይነሳም ያስጠነቅቃል። ያገለገለ ከሆነ ጥጉን በጥፍር ሳትነኩ በጎን ብርሃን እዩት፤ የቀድሞው ባለቤት «መከላከያ ላስቲክ» መስሎት አንስቶት ሊሆን ይችላል። ተነስቶ ካገኛችሁት ስክሪኑ ይሠራል፣ ግን የልጆች ዕቃ ስለሆነ በላዩ ላይ መከላከያ ለጥፉበት። ለስዊቹ ብርሃን የማያብረቀርቅ፣ ማት የሚባለውን ምረጡ፤ የተፋቀ መስታወት ያለውን ዴክ ግን ምንም አትለጥፉበት፣ በደረቅ ማይክሮፋይበር ብቻ ጥረጉት።